ሚስቱን ከኢንተርኔት ሊያስጠፋ የተነሣው ባል

ደብረ ማርቆስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው ሰፈራችን፣ ሠርግ ላይም ዕድር ላይም የምትወረወር አንዲት አባባል አለች። እንግዳ ሲሰማት ከቅድመ አያቶቻችን የወረስናት ይመስለዋል። የለም፤ ገና ሦስት ዓመት አልሞላትም። ስትወለድ እኔ እዚያው ነበርኩ። እንዲያውም ምጡን ካባባሱት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ታሪኳን ከእኔ መስማት ይሻላል።

እኔ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ከአጥሬ ቀጥሎ አዝመራ የድግስ ዕቃ ታከራያለች፤ ድንኳን፣ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ የጠላ ጋን። ባሏ ይበልጣል መናኸሪያ ውስጥ የመኪና ስምሪት ይቆጣጠራል። ማን ገባ ማን ወጣ ብሎ መመዝገብ እንጀራው ነው፤ ችግሩ ሥራውን ቤቱ ድረስ ይዞት መምጣቱ ነበር። ለሠርጉ ወንበር ሊከራይ የመጣን ሙሽራ እንኳ "ሌላ አከራይ አጥተህ ነው?" ብሎ የሚያፋጥጥ ሰው ነው። እውነቱን ልናገር? አንዳንዴ እኔም በአዝመራ እቀና ነበር። የእኔ ባል ሦስት ቀን ብጠፋ የሚጠይቀው የምሳ ዕቃው የት እንዳለ ነው።

በዚያ ዓመት ፋሲካ ሰሞን ይበልጣል ስልኳን ነጥቆ አንድ ደንበኛዋን ሰደበባት። ተኳረፉ፤ በስንት ሽማግሌ ታረቁ። ስትታረቅ ግን አዝመራ በሁላችን ፊት እንዲህ አለችው፦ "ቅናትህን ችዬዋለሁ። ከጀርባዬ አንዲት ነገር ካደረግህ ግን ወንድሜ ቤት ነው የምገባው፤ ሽማግሌም አልሰማ።" ይበልጣል ማለ። ከልቡ ነበር የማለው፤ ሰውዬው ሚስቱን ይወዳታል፣ ያለ እሷ እህል አይወርድለትም።

ሁለት ወር ሳይሞላ አዝመራ ድንኳን ያከራየችው ሠርግ ላይ የሙሽራዋ እናት ጎትታ አስገባቻትና እስክስታ ወረደች። ቪዲዮ የሚያነሣው ልጅ ቀርጾ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። በማግስቱ ይበልጣል ስልኩን እንደ ትኩስ ድንች ይዞ ሱቄ ገባ።

"እትዬ ጥሩ፣ አሥራ ሰባት ሺህ!"

"ምኑ?"

"አሥራ ሰባት ሺህ ሰው ሚስቴን አየ!"

"ግማሹ ሴት ነው።"

"ግማሹስ?" አለና ከሥሩ የተጻፈውን ያነብልኝ ጀመር። "'ትከሻ ማለት እንዲህ ነው' ይላል። ማነው እሱ? ምን አገባው?"

"ትከሻዋን አመሰገነ እንጂ ምን አጠፋ?"

"ባለትከሻዋ ባል አላታ!"

ዓይኑ ደም ለብሷል። ቪዲዮው ብቻ አልነበረም። ስልክ ቁጥሯና የሱቋ አድራሻ ከስንት የድግስ ዕቃ አከራዮች ዝርዝር ጋር በየገጹ ተበትኗል። "ስሟንም፣ ቁጥሯንም፣ መልኳንም ጠርጎ የሚያጠፋልኝ ሰው ፈልጊልኝ፤ ብቻ ዋጋው የማይጎዳ ይሁን" አለኝ። ይዤው ናሆም ዘንድ ሄድኩ። ናሆም ከአዝመራ ሱቅ ፊት ለፊት የሚሠራ፣ ባሕር ዳር ተምሮ የመጣ የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው፤ ትሑት፣ ሥራ አዋቂ። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ መልከ መልካም መሆኑ።

"ቪዲዮውን የለቀቀውን ልጅ እንዲያወርደው መጠየቅ ነው፤ ለእሱ ገንዘብ አታውጣ" አለው ናሆም። "ቁጥሯ ያለባቸውን ገጾች ግን አንድ በአንድ እየፈለግሁ አንሡልን ብዬ ማመልከት አለብኝ። ለወሩ ሁለት ሺህ ብር። ከዚያም በየወሩ አያለሁ፤ የወረደው ተመልሶ ይወጣልና። ሁሉም ይጠፋል ብዬ ግን አልምልልህም። ደግሞ እሷ ራሷ መጥታ ትፈርም።"

"እሷ ምን ታደርጋለች?"

"ስሙ የእሷ ነዋ፣ ጋሼ።"

"ገጾቹን የምትፈልገው ምን እያየህ ነው?"

"ፎቶዋን።"

"በየወሩ?"

"በየወሩ።"

ይበልጣል ከጫማው እስከ ፀጉሩ ገረመመው። "ሚስቴን አንተ እያየህ እኔ ልክፈልህ?" ብሎት ወጣ። ውጭ አገር ያለ አንድ ድርጅት ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራም ናሆም ነግሮን ነበር፤ ክፍያው በዶላር ነው፣ የእኛን አገር ገጾችም አያውቃቸውም። ይበልጣል ግን ዶላሩን ከማንሣቱ በፊት "ፈረንጅስ ወንድ አይደለም?" አለኝ።

በሦስተኛው ቀን እየበረረ መጣ። ስልኩ ላይ አንድ ማስታወቂያ አግኝቷል። "ስምዎን ከኢንተርኔት እናጥባለን! በሦስት ቀን! ስድስት መቶ ብር ብቻ!" ይላል። ከጎኑ ነጠላ ያጣፉ ሽበታም እናት ፎቶ አለበት፤ ሲደውልም "አቤት ልጄ" ያለችው ሴት ናት።

"ሴት ናት፣ እትዬ ጥሩ! ያውም አሮጊት!"

"ቢሮዋ የት ነው?"

"ቢሮ ምን ያደርግልኛል? ከወንድ ዓይን ይራቅልኝ እንጂ።"

የሚሞላው ቅጽ ሱቄ ውስጥ ታተመ። ሙሉ ስም፣ የትውልድ ዘመን፣ ስልክ፣ የቤትና የሱቅ አድራሻ፣ "የምትገኝበት ሰዓት።" ይበልጣል እዚህ ላይ እስክሪብቶውን ትንሽ ነክሶ "ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ብቻዋን ናት፤ በዚያን ጊዜ እንዳትደውሉ" ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ደግሞ "መልኳን በሚገባ ካላወቅን አናጠፋም፤ ፎቶ በበዛ ቁጥር ጽዳቱ ያምራል" ይላል። ከኮቱ ኪስ አሥራ ስድስት ፎቶ አወጣ። የልጅነቷ፣ የኮሌጅ ምርቃቷ፣ የቃል ኪዳናቸው ሳይቀር።

"እነዚህ እኮ ኢንተርኔት ላይ የሉም፤ ከሣጥን የወጡ ናቸው" አልኩት።

"አንድ ቀን ቢወጡስ? ቀድሜ ላስጠፋቸዋ!"

"ያልወጣ እንዴት ይጠፋል? አዝመራስ ታውቃለች?"

"ሲያልቅ እነግራታለሁ።"

እዚህ ላይ "አላደርገውም" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። አሥራ ስድስቱንም በስካነር አነሣሁና በስልኩ ላኩለት፤ እሱም ከቅጹና ከስድስት መቶ ብሩ ጋር ለሴትየዋ ላከላት። ስሠራም በሆዴ "አንዱ ለእኔ እንዲህ በተጨነቀልኝ" እያልኩ ነበር፤ ቅናት እኔንም አሳውሮኛል።

በሦስተኛው ቀን ቪዲዮው እውነትም ጠፋ! ይበልጣል ደረቱን ነፍቶ ሰፈሩን ዞረ። ናሆም ደጅ ላይ ቆሞም "በስድስት መቶ ብር! በሦስት ቀን!" ብሎ ጮኸበት። ናሆም "እንኳን ደስ ያለህ፣ ጋሼ" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በስድስተኛው ቀን የአዝመራ ስልክ በማታውቃቸው ሰዎች ይጠራ ጀመር። ድንኳን የሚጠይቅ የለም። አንዱ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይላታል፤ ሌላው "ለመሆኑ ልጅ ትቶልሽ ነው?" ይላታል። ተሳስተው ነው ብላ እየዘጋች ተወችው።

በሳምንቱ ሐሙስ፣ ልክ በስምንት ሰዓት፣ ጥላ የያዙ ሦስት ሽማግሌዎች ከመናኸሪያው መጥተው ሱቋ ገቡ። ነገር ሲሸተኝ አላርፍምና እኔም ተከትዬ ገባሁ። አዝመራ ወንበር ዘረጋችላቸው።

"ሳንሰማ አንቀመጥም፣ ልጄ" አሉ ትልቁ፤ አያ ልየው የሚባሉ የቢቸና ሰው ናቸው። "ልጅሽን ለልጃችን ልንል አልመጣንም፤ አንቺኑ ልንጠይቅ ነው። የእህል ነጋዴ ነው፣ ጨዋ ነው፣ ሚስቱን እንዳንቺው ሞት ነጥቆታል።"

"አባቴ፣ እኔ እኮ ባል አለኝ።"

"ነበረሽ፤ እናውቃለን። ነፍሱን ይማር።"

ይህን ሲሉ ይበልጣል እያለከለከ ከተፍ አለ። የመጡበትን ሚኒባስ መዝግቦ ያስገባው ራሱ ነው፤ ሦስት ጥላ ወደ ሚስቱ ሱቅ ሲያመራ አይቶ መዝገቡን ጥሎ ሮጠ።

"እናንተ እነማን ናችሁ?"

"አንተስ ማነህ?" አሉት አያ ልየው።

"ባሏ ነኛ!"

"ባሏማ ሞቷል።"

"መቼ ነው የሞትኩት?"

አያ ልየው ከኪሳቸው የታተመ ወረቀት አውጥተው መነጽራቸውን አደረጉ። "ሁለት ዓመት ሆኖሃል ይላል" አሉት።

ወረቀቱ ከአንድ የትዳር ፈላጊዎች ገጽ የተቀዳ ነበር። የአዝመራ የምርቃት ፎቶ፣ ስሟ፣ ቁጥሯ። "ባሏን በሞት ያጣች፣ የራሷ ንግድ ያላት፣ ቁምነገረኛ ባል የምትፈልግ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሱቋ ውስጥ ብቻዋን ትገኛለች።" ሌሎቹም አሥራ አምስት ፎቶዎች ገጹ ላይ እንዳሉ ሽማግሌው ነገሩን። ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። ያቺ "አቤት ልጄ" ባይ አጥቢ ሳትሆን ሻጭ ነበረች፤ የሰጣትን ሁሉ ለትዳር ደላሎች ቸብችባዋለች።

አዝመራ ወረቀቱን ተቀብላ ብዙ አየችው።

"ይኼ ፎቶ ከሣጥኔ ወጥቶ አያውቅም" አለች።

መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረች። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ወደ እሱ።

"ላስጠፋልሽ ብዬ ነው" አለ ይበልጣል፤ ድምፁ ሟሟ። "ለአንቺው ብዬ... ደግሞስ ቪዲዮውን አስጠፍቼልሽ የለ?"

"ቪዲዮውን?" አለችው። "ያነሣው ልጅ ዘንድ ደውዬ፣ 'ባለቤቴን ከፍቶታል፣ አውርድልኝ' አልኩት። 'እሺ እትዬ' ብሎ ወዲያው አወረደው። አንተ እንዳትቀየም ብዬ ነው፤ ሰው ፊት እንዳትዋረድ ብዬ አልነገርኩህም።"

የአሥራ ሰባት ሺህ ሰው ዓይን ያላደረገውን ያቺ ንግግር አደረገችው፤ ይበልጣል ለሽማግሌዎቹ በተዘረጋው ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔም ልቤ ተሰበረ፤ የቀናሁበት ትዳር ዓይኔ እያየ፣ በእኔም እጅ ተበላሸ።

አዝመራ አላለቀሰችም። የሱቁን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ነጠላዋን አነሣች።

"አሁን ናሆም ዘንድ ሄጄ እፈርማለሁ" አለችው። "ከነገ ጀምሮ አንተ ከአጠገቡ ቁጭ ትላለህ። አሥራ ስድስቱንም ፎቶ አንተው ነህ የምታሳየው፤ የሚከፈለውን ሁሉ ትከፍላለህ። የመጨረሻው ፎቶ እስኪወርድ ወንድሜ ቤት ነኝ።"

"ባይወርድስ?" አላት።

"እሱን ፎቶዬን ከሣጥን ስታወጣ ማሰብ ነበረብህ።"

ወጣች። ይበልጣል ሊከተላት ተነሣ፤ ደጁ ላይ ሲደርስ ከፊት ለፊት ናሆም የሱቁን በር ከፍቶ በአክብሮት ጎንበስ ብሎ ሲያስገባት አየና እዚያው ደርቆ ቀረ። ሁለቱ ሽማግሌዎች አፍረው መሬት መሬት ያዩ ነበር። አያ ልየው ግን መነጽራቸውን አወለቁ፤ መንገዱን አዩ፣ ይበልጣልን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና እንዲህ አሉ፦ "ቀናተኛ ባል፣ ሚስቱን ሲደብቅ ገበያ ያወጣል።"