አረሙ አልሄድም አለ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። ወሬዬ አጭር ናት፤ ጅራቷ ግን ይረዝማል።

ከጎጀብ ወንዝ ማዶ አሰገደች የምትባል ችግኝ የምታፈላ ሴት ነበረች። የመንደሩ ቡና በበሽታ አልቆ፣ ሰው ሁሉ ዓይኑን የጣለው እሷ ባፈላችው ሦስት ሺህ የቡና ችግኝ ላይ ነበር። ለሰኔ ካልደረሰ ዓመት ሙሉ ባዶ መሬት ማየት ነው። አረም ግን የችግኙን መደብ ወረረው። በዚያ በጋ በየቀኑ ውሃ የሚጠጣ መሬት ያ መደብ ብቻ ነዋ! አሰገደች ትነቅላለች፣ ከአጥር ውጭ ትጥላለች፤ በሳምንቱ ይመለሳል።

«አረም፣ በቃ ሂድልኝ» አለችው።

«ፀሐይ እስካየሁ ድረስ አልሄድም» አለ አረሙ።

«ቆይ፣ እጋርድብሃለሁ!» ብላ ወደ ቡና መፈልፈያው ሄደች። ደጁ ላይ የቡና ገለፈት ተቆልሏል። ባለቤቱ አቶ ደጀኔ፣ «ውሰጂው እቴ! እኔ በየዓመቱ ለማቃጠል ነው የምደክመው» አላት። ገለፈቱ ግን በአህያ ካልሆነ አልመጣም አለ። ገለፈቱ አልመጣም አለ፣ አረሙ አልሄድም አለ።

ወደ ጋሽ ወልደየስ አህያ ሄደች። «አያ አህያ፣ ገለፈቱን ተሸከምልኝ።»

«ጀርባዬ ተልጧል። ቅቤ ካልተቀባሁ አልጫንም።»

ጋሽ ወልደየስም፣ «እውነቱን ነው፤ እንዲህ ቆስሎ እኔም አልጭነውም» አሉ። አህያው አልጫንም አለ፣ ገለፈቱ አልመጣም አለ፣ አረሙ አልሄድም አለ።

ላም ወዳላቸው ወደ እትዬ ብርቄ ሄደች። «እትዬ፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ አይንጡልኝም?»

«የኔ ልጅ፣ ላሚቱ ወተት ከልክላኝ ምኑን ልናጠው?» አሉ። ቅቤው አልወጣም አለ፣ አህያው አልጫንም አለ፣ ገለፈቱ አልመጣም አለ፣ አረሙ አልሄድም አለ።

ወደ ላሚቱ ዞረች። «እሜቴ ላም፣ እባክሽ ታለቢ!»

«ሜዳው አሯል። ለምለም ነገር ካልበላሁ አልታለብም።» ላሚቱ አልታለብም አለች፣ ቅቤው አልወጣም አለ፣ አህያው አልጫንም አለ፣ ገለፈቱ አልመጣም አለ፣ አረሙ አልሄድም አለ!

አሰገደች ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች። «በዚህ ሐሩር ለምለም ነገር ከየት...» ብላ ሳትጨርስ ብድግ አለች። ለምለሙ የሷው መደብ ላይ ነው! ስንት ጊዜ ነቅላ ከአጥር ውጭ ጥላዋለች! አልሳቅሁባትም፤ ትንሽ ብቻ ሳቅሁ።

ነቅላ በእቅፏ ተሸከመችው።

«እመለሳለሁ!» አለ አረሙ።

«ተመለስ! ላሚቱ ነገም ትበላለች።»

አረሙ ላሚቱን አጠገበ፣ ላሚቱ ታለበች፣ ቅቤው ወጣ፣ አህያው ተቀባ፣ ቁስሉ ሲሽር ተጫነ፣ ገለፈቱ መጣ። አሰገደች ከችግኙ ግንድ ፈቀቅ አድርጋ ሁለት ጣት ያህል ጎዘጎዘችው። አረሙ ከሥር ሆኖ ፀሐይ ፈለገ፣ አጣ፣ ሄደ።

ሰኔ ሲገባ እትዬ ብርቄ ከሰው ሁሉ ቀድመው ከመደቡ ዳር ተገኙ። «የኔ ልጅ፣ ለኔ ስንት ይደርሰኛል?»

«ጉድጓድ የቆፈሩትን ያህል» አለቻቸው አሰገደች። «ሦስት ሺህ ነበር፤ ሦስት ሺህ ነው።»