የጅቡ ገብስ

ተረት ይዤ መጣሁ፣ ጆሯችሁን ስጡኝ።

አንድ ጎልማሳ አህያ ነበረ። ጨው ጭኗል፣ ውሃ አመላልሷል፣ ወፍጮ ቤት ተመላልሷል፤ ያተረፈው ግን የጀርባ ቁስል ብቻ ነው። ዕድሜዬ እንዲሁ ሄደ እያለ ሲብሰለሰል ጅብ አገኘው።

«ያልሠራህበት መንደር የለም፤ አህያ ሁሉ ድምፅህን ያውቃል» አለው ጅብ። «ጫካው ዳር ቆመህ ማናፋት ብቻ ነው። በቀን አንድ ቁና ገብስ አለህ።»

«ሸክምስ?»

«ምን ሸክም አለው!»

አህያው አናፋ። በወሩ ቁስሉ ጠገገ፣ ጎኑ ሞላ። ድምፁን ሰምተው የሚመጡትን አህዮች ግን ዞር ብሎ አያይም።

አንድ ቀን፣ የጨው መንገድ ያስተማረችው አሮጊት አህያ እያነከሰች መጣች።

«ድምፅህን ስሰማ አለፈለት ብዬ ደስ አለኝ። ልጄ፣ ለእኔስ የምትሆን ሥራ አትጠፋም?»

አህያው አፉን ቁናው ውስጥ ከተተና፣ ከኋላው የሚመጣው ጩኸት እንዳይሰማው ገብሱን በኃይል ቆረጠመ።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ገብሱን ግን አታቅምሱኝ።