የመሐላው ድንጋይ ጎረቤት

«የድንጋዩ ዘር ከመሰከረማ ልጃችንን ይዘን እንነሳለን» አሉ የሙሽራው አባት ሐጂ ጦይብ።

ሼህ በሽር ዝም አሉ። ሴት ልጃቸው ከመጋረጃው ጀርባ ለብሳ ተቀምጣለች። ኒካሑ እንዳይታሰር ያገደው አንድ ነገር ነው። በዚያች አሮጌ ከተማ ልማድ አንዱ ምስክር ከሙሽራው ወገን፣ ሌላው ከሙሽራዋ ወገን ይሆናል። ሼሁ ለከተማዋ መጤ ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ሁሉ ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖሩት። ለምስክርነት የተጠራው የሚስታቸው ወንድም ሙሄም ወንዙ ሞልቶበት ቀርቷል። ወገን ሲጠፋ የቅርብ ጎረቤት ይተካል።

የቅርብ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው አደም ነው።

ከአደም ቤት በላይ፣ ገደሉ ጫፍ ላይ፣ አንገቱን ደፍቶ አንድ እጁን የዘረጋ ሰው የሚመስል ድንጋይ ቆሟል። አባቱ የሞተበትን የቲም መሬት ለመብላት በሐሰት ሲምል እጁ ሳይወርድ ደርቆ የቀረ ሰው ነው ይባላል። ዝናብ ሲጥል ከጣቱ ጫፍ ውሃ ይንጠባጠባል። ያኔ ልጆች «አሁንም እየማለ ነው» ይላሉ። የሰፈሩ ሰዎችም ከሥሩ የሚኖረውን የአደምን ቤተሰብ የእሱ ዘር አድርገው ቆጠሩት። ይህ በየትኛውም ኪታብ አልተጻፈም። ሼሁ ይህን ያውቃሉ፤ ግን አንድም ቀን ወጥተው አልተናገሩም።

«ተዉት ሼህ» አለ አደም ከበሩ አጠገብ። «እኔ የሙሽራዋን ቀሚስ ላደርስ ነው የመጣሁት። የሐሰተኛ ስፌት ነው ካሉም አሁኑኑ ይተርትሩት።»

አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

«ተቀመጥ አደም። አንተ ትመሰክራለህ» አሉ ሼሁ።

«ሰው ሲጠፋ ታየሁዎት?» አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም። «እዚህ ሰፈር ስንት ኒካሕ አሰሩ። በየትኛው ጠሩኝ?»

ሼሁ አንገታቸውን ደፉ። አደም ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ሙሄ እስከ ወገቡ ርሶ ደረሰ። ቤቱ ተነፈሰ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ተገላገልን» አሉ ሐጂ ጦይብ።

ሼህ በሽር ተነሱ። «ሙሄ፣ ልብስህን ቀይርና እህል ቅመስ። እኔ ምስክሩን ልጠራ።»

«ምስክሩማ ይኸው መጣ» አሉ ሐጂ ጦይብ።

«ይሄ እንግዳዬ ነው።»

«ሼህ፣ ጥለን ብንሄድ በአገሩ ፊት ያፍራሉ።»

«ካፈርኩት በላይ አላፍርም።»

ከመጋረጃው ጀርባ የልጃቸው እጅ ወጣ። «አባዬ፣ ይዘንባል። ጃንጥላውን ይያዙ።»

ሌላ መውጫ ሲጠፋማ ሁላችንም ሐቅን እንመርጣለን። ከባዱ መውጫው ከተከፈተ በኋላ ነው። ለሶላት ሶፍ ላይ ተሰልፈን ትከሻ ለትከሻ እንገጥማለን፤ ወደ ቀኝ ዞረን ሰላምታ እንሰጣለን። ጫማችንን ስናጠልቅ ግን ያንን ትከሻ የማን ዘር ነው ብለን እንጠይቃለን። ከሶላት የተረፈን ይህ ከሆነ በምን ፊታችን እንደገና እንሰግዳለን?

ሼሁ ሲያንኳኩ አደም በሩን ከፍቶ ቆመ። ከላይ ከድንጋዩ እጅ ውሃው ይንጠባጠባል።

«ሙሄ ደርሷል» አሉ ሼሁ። «ምስክር አልጎደለኝም። የመጣሁት አንተን ፈልጌ ነው።»

«ሐጂ ጦይብስ?»

«ስንመለስ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም።»

«ልጅዎስ?»

«ጃንጥላውን የሰጠችኝ እሷ ናት።»

አደም ወደ ድንጋዩ ቀና አለ። ሼሁም ቀና አሉ።

«በሐሰት የመሰከርኩብህ እኔ ነኝ» አሉ፤ «ዝም ብዬ።»

አደም ወደ ውስጥ ገባ። ሼሁ ደጅ ላይ ቆዩ። ጃንጥላውን አልዘረጉትም።

ነጭ ጥምጣሙን አስሮ ወጣ። በሩንም ከኋላው ዘጋው።