ሳይዘረጋ የተሰፋ ጥጥ

አንድ ሰው ነበረ፤ ባለጸጋ፣ ማንንም የማያምን። ጥላዬ፣ ጥያቄህን ሰምቻለሁ። ነገ ሽማግሌዎች ከወንድምህ ጋር ሊያስታርቁህ ነው፤ አንተ ግን ባለፈው እርሻ ድንበር ገፍቶብኛል ብለህ ትጠረጥረዋለህ። አሁን ዝም ብዬ ልታረቅ፣ ከእርቁ በኋላ ማንም ሳያየኝ ለክቼ አረጋግጣለሁ፣ የቀረው ውሎ አድሮ ይቃናል፤ ይህ ኃጢአት ይሆንብኛል ወይ ነው ያልኸኝ። ጋቢህን ለቀቅ አድርግና ተቀመጥ። መልሱ ከዚህ ባለጸጋ ዘንድ ነው።

ይህ ሰው ሲጠረጥር ልክ የለውም። አሽከሩ ቢስቅ በእኔ ነው ይላል፤ ቢያዝን ምን ደብቆኝ ነው ይላል። ጎረቤቱ እንደምን አደርህ ያለው እንደ ሆነ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ፈልጎ ነው እያለ ግማሽ ቀን ያስባል። ያለ ጥርጣሬ የሚወዳት እናቱን ብቻ ነበር። እሷም ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ አልተነሣችም። አልጋው ጠፍር ነው፤ የአሮጊቷ ቆዳ ደግሞ ሳስቷል። የሚያውቁ ሰዎች፣ ለስላሳ መኝታ ቶሎ ካላገኘች ጀርባዋ ይቆስላል፣ በዚህ ዕድሜ የቆሰለ ጀርባ ደግሞ በቀላሉ አይድንም አሉት።

ባለጸጋው ተነድፎ የተሰናዳ ጥጥ ነበረው። አሽከሮቹ እንዳይሰርቁት አጣጥፎ በጆንያ ከትቶ፣ ጆንያውን ከትልቅ ሳጥን ሥር አድርጎ፣ እሱ በሳጥኑ ላይ ይተኛ ነበር። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ አሳለፈ። አሁን ጥጡን አወጣና ፍራሽ ሰፊ አስጠራ። ጥጡንም ጨርቁንም በሚዛን መዝኖ ሰጠው፤ ሥራውን እዚሁ በዓይኔ ፊት ትሠራለህ አለው።

ፍራሽ ሰፊው ጥጡን በሰሌን ላይ ዘረጋው። ጥጡ በታጠፈበት በታጠፈበት ጠንክሮ፣ እንደ ትልም መስመር አውጥቶ ነበር። ሰውዬው በመዳፉ ከመሐል ወደ ዳር ይዳብሰው ጀመር። ባለጸጋው ይህን ሲያይ፣ እየዳበሰ ወደ እጅጌው ሊያስገባ ነው ብሎ እጅጌውን እስከ ብብቱ አስጠቀለለው። ፍራሽ ሰፊው ቀጥሎ ውኃ ጠየቀ። ጥቂት ላርከፍክፍበትና ተዘርግቶ ይደር፣ እጥፋቱ ይለቃል፣ ነገ ሲደርቅ እሰፋዋለሁ አለ።

እዚህ ላይ ባለጸጋው ፈገግ አለ። ሌባ የያዘ መሰለው። ዛሬ ውኃ ረጭቶ ጥጡን ያከብደዋል፤ ነገ ጎድሎ ባገኘው ውኃው ደርቆ ነው ይለኛል ብሎ አሰበ። ሞኝ ነው እንዳትለው፤ እንዲያውም ብልህ ነው። የጥርጣሬ ክፋቱም ይኸው ነው፣ ለራስህ ስትነግረው ሁልጊዜ ልክ ይመስልሃል። ስለዚህ ውኃውንም ማሳደሩንም ከለከለ። አሁኑኑ እንዳለ ስፋው አለ።

ፍራሽ ሰፊው መርፌውን እንደ ያዘ ቀና አለ። «ጌታዬ፣ ይህ እጥፋት አሁን በውኃና በመዳፍ ይለቃል። ከተሰፋ በኋላ ግን በምላጭ ነው።»

«ስፋ። ሲተኙበት ይቃናል።»

ሰፋው። ጥጡ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ መስመር በመስመር ወጋግቶ አጠበቀው። ሲጨርስ ባለጸጋው ሚዛኑን አመጣ፤ ልክ ሆነ። ያን ቀን ሳልታለል ዋልሁ ብሎ ደስ አለው።

አሮጊቷ የማታማርር ሴት ነበረች። በሰባተኛው ቀን ሊያጥቧት ሲያገላብጧት ጊዜ ጀርባዋ ላይ ረጅም ቁስል አዩ። ባለጸጋው ፍራሹን በጣቱ ቢዳብስ በቁስሉ ልክ አንድ ጠንካራ ነገር አገኘ። እንጨት ከቶበታል አለ። እጅጌውን ስላስጠቀለልሁት በእናቴ ተበቀለኝ አለ። ፍራሽ ሰፊውን አስመጥቶ ደጃፉ ላይ አቆመው፤ እንዲነካም አልፈቀደለትም። ራሱ ምላጭ ይዞ ስፌቱን አንድ በአንድ ይበጣጥስ ጀመር።

እንጨት የለም። ገመድ የለም። ያለው የራሱ ጥጥ ነው፤ አንዲት ጭብጥ አልጎደለችም። ከሳጥኑ ሥር በታጠፈበት እጥፋት፣ ሌሊት ሌሊት ራሱ ተኝቶበት እንዳጠነከረው፣ እንዲያው ነው።

እናቱ ከአልጋዋ ሆና ሁሉን ታይ ነበር። «ልጄ፣ ጥጡን ደህና አድርገህ ጠበቅኸው» አለችው። «እኔን ማን ይጠብቀኝ?»

ባለጸጋው አለቀሰ። ከዚያ ምላጩን አስቀምጦ ወጣ፤ በጣሳ ውኃ ይዞ ተመለሰ፤ ለፍራሽ ሰፊው በእጁ ሰጠው። ጥጡንም ሚዛኑንም ትቶለት ከቤት ወጣ። ቀላል ሆነለት እንዳትል፤ ሁለት ጊዜ እስከ ደጃፉ መጥቶ በግድ ነው የተመለሰው። በማግሥቱ ፍራሹ ተሰፋ፤ እጅ ቢያልፍበት የሚያደናቅፍ የለም። ቁስሉ ግን ዓመት ፈጀ፤ አሮጊቷም ከዚያ ወዲያ በጀርባዋ ተኝታ አታውቅም።

እንግዲህ ጥላዬ፣ ባለጸጋው አንተ ነህ። እጥፋቱ በሆድህ የያዝኸው ነገር ነው፤ አንተው እየተኛህበት ነው የጠነከረው። ወንድምህ ድንበር ይግፋ አይግፋ እኔ አላውቅም። አንተም አታውቅም። የነገው እርቅ ስፌት ነው። ዝም ብለህ ብትታረቅ ሽማግሌዎቹ መርቀው ይሄዳሉ፣ ከላይ ላየውም ያምራል። በላዩ የሚተኙት ግን ልጆቻችሁ ናቸው፤ ነገ በዚያ ማሳ ጎን ለጎን የሚያርሱት እነሱ ናቸውና። አንተ ውሎ አድሮ ይቃናል ትላለህ፤ ባለጸጋውም ሲተኙበት ይቃናል ነበር ያለው።

ስለዚህ ተነሥ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወንድምህ ቤት ሂድ። የጠረጠርኸውን ፊቱ ላይ ዘርጋው፣ እሱም የሚለውን ይበል፣ ድንበሩንም አብራችሁ እየረገጣችሁ እዩት። ነገ ከዚያ በኋላ ትታረቃላችሁ። ስትወጣ ደግሞ ያን የመለኪያ ገመድ እዚሁ ተወው። በጋቢህ ሥር ይዘኸው እንደ መጣህ ገና ስትገባ አይቻለሁ።