የታሸገው ቀፎ

ቂ ቂ ቂ... ቆይ፣ ቆይ፣ ሳቄን ልዋጥ። ይቺን ታሪክ በጀመርኩ ቁጥር አንድ የፍርድ አስፈጻሚ መጨረሻ ላይ ያላት ነገር ትመጣብኝና አፌን አላስከድን ትለኛለች። እሷን አሁን አልነግራችሁም፤ ጣፋጯ ከሥር ናት። ታዲያ ዘላችሁ ወደ ታች እንዳትሮጡ፣ በሥርዓቱ አንብቡ።

አንድ ንጉሥ ነበረ። ፍርድ የሚወድ፣ ሰው ሲጉላላ ሲያይ ሆዱ የሚባባ ንጉሥ። በአገሩ ማንም ዳኛ በሁሉም ነገር ይፈርድ ስለነበር ነገር ሁሉ ይበላሽበት ነበር። ቦይ ቀዶ የማያውቀው በውኃ ይፈርዳል፣ በሬ ጠምዶ የማያውቀው በበሬ ይፈርዳል። ንጉሡ አሰበ፣ አሰበና «ከእንግዲህ በየነገሩ የነገሩ አዋቂ ይፍረድ!» ብሎ አዋጅ አስነገረ። የውኃ ችሎት ቆመ፣ የከብት ችሎት ቆመ፣ የድንበር ችሎት ቆመ፣ የንብ ችሎት ሳይቀር ቆመ። የትኛው ክርክር ለየትኛው ችሎት እንደሚገባ የሚለይ ዋና ዳኛም ተሾመ። ሕዝቡ እልል አለ። እኔም ብኖር እልል እል ነበር፤ ምን ክፋት አለው?

አዋጁ ግን አንዲት ጅራት ነበረችው። «አዋቂ መዝገቡ ሳይደርሰው አፉን አይክፈት» ትላለች።

በዚያ አገር አንጓች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከአምስት ቀፎዎቿ አራቱን ጉንዳን ፈጅቶባት አንዲት ብቻ ቀርታታለች። የምትበላው ከሷ፣ የምትለብሰው ከሷ። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ንቦቹ ግር ብለው ወጡ። አንጓች ነጠላዋን አገልድማ፣ አፈር እየበተነች፣ ቆርቆሮ እየደበደበች ተከተለቻቸው። ንቦቹ ሄደው ሄደው ጎረቤቷ ጓዴ ከግራሩ ቅርንጫፍ ላይ ከሰቀለው ባዶ ቀፎ ገቡ።

«ጓዴ፣ ንቦቼን ስጠኝ» አለችው።

«እትዬ አንጓች፣ እኔ ጠራኋቸው? ቀፎዬን አጥኜ ሰቀልኩ፣ እነሱ ወደው ገቡ። ንብ እንደሆነ ስም አልተጻፈበት!»

«ዓይኔን ሳልነቅል እኮ ነው የተከተልኳቸው!»

«ዓይንሽን ማን ከለከለሽ? እዚያው ቆመሽ እያየሽ ኑሪ!»

አንጓች እየተንደረደረች ወደ ንብ ችሎት ሄደች። ዳኛው አያ ሰጥአርጌ ይባላሉ፤ ንብ ጢማቸው ላይ አርፋ የማትነድፋቸው አዋቂ። ነገሩን በግማሽ ቀን በጨረሱት ነበር። ጓዴ ግን ቀድሟት ዋናው ዳኛ ፊት ቀርቦ ኖሯል። «ክርክሩ የንብ አይደለም» አለ። «ዛፉ የኔ፣ ዛፉ የበቀለበት መሬት የኔ። ስለዚህ ነገሩ የድንበር ነው።»

ዋናው ዳኛ ግንባራቸውን አሹ። ከባድ ነው አሉ። የትኛው ችሎት ይየው የሚለውን ለመወሰን ለዘጠኝ ቀን ቀጠሩ። ክፉ ሰው አይደሉምና እስከዚያው አንዱ ሌላውን እንዳይጎዳ ብለው «ንቦቹ ባሉበት ይቆዩ። ይህን ትእዛዝ የጣሰ እንደተረታ ይቆጠራል» ሲሉ አዘዙ።

የፍርድ አስፈጻሚው ትእዛዙን ይዞ ወጣ። ትጉ ሰው ነው፣ በትእዛዝ ቀልድ አያውቅም። ግራሩ ሥር ቆሞ ቢያይ ንብ ይወጣል፣ ንብ ይገባል። «እንዴ! ባሉበት ይቆዩ ተብሎ!» አለ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሁሉም እስኪገቡ ጠበቀና፣ ጭቃና እበት ለውሶ የቀፎውን አፍ ድፍን አድርጎ መረገው። በላዩ ሰም አንጠባጥቦ ማኅተም መታበት። ሰሙን ከየት አመጣው አትሉኝም? ከንብ ነዋ!

በማግስቱ ፀሐዩ ድንጋይ የሚሰነጥቅ ነበር። አንጓች ጆሮዋን ቀፎው ላይ ለጥፋ ብታዳምጥ ውስጡ ይታመሳል። በሩጫ አያ ሰጥአርጌ ዘንድ ደረሰች።

«አያ ሰጥአርጌ፣ ንቦቼን መረጓቸው! ምን ይሆናሉ?»

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። መሬት መሬቱን አዩ።

«ኧረ ይንገሩኝ!»

«መዝገቡ አልደረሰኝም ልጄ።»

«መዝገቡን ይተዉት፣ እንደ ሰው ይንገሩኝ!»

«እንደ ሰው ከሆነ...» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «በዚህ ሐሩር ሦስት ቀን አይሞላቸውም። ከኔ ሰማሁ እንዳትዪ።»

አንጓች ወደ ዋናው ዳኛ በረረች። «ጌታዬ፣ ንቦቹ ሊሞቱ ነው!»

«ማን አለ?»

የሽማግሌው አደራ ትዝ አላት። «እኔ።»

«አንቺማ ተከራካሪ ነሽ። ንብ ታፍኖ ይሙት አይሙት የሚያውቀው የንብ ችሎት ነው።»

«እንግዲያው የንብ ችሎት ይጠየቅልኝ!»

«የንብ ችሎት ይየው አይየው የሚለው እኮ ነው ለዘጠኝ ቀን የተቀጠረው» አሏት፤ ረጋ ብለው፣ ልጅ እንደሚያስረዳ ሰው።

እዚህ ላይ ሳቁ፣ ፈቅጃለሁ። የሚቀጥለው ግን አያስቅም።

በሁለተኛው ቀን አመሻሽ ላይ አንጓች ግራሩ ሥር ስትደርስ ጓዴም እዚያው ቆሟል። ትናንት እንደ ወፍጮ ሲያጓራ የነበረው ቀፎ ዛሬ ጉሮሮው እንደተዘጋ ሰው ነው የሚያንጎራጉረው።

«እየደከሙ ነው» አለ ጓዴ።

«ክፈተው ታዲያ!»

«አንቺ ክፈቺው። የኔ ናቸው ትዪ የለ?»

«ቀፎውስ ያንተ አይደል? ክፈተው!»

«ከከፈትኩ ተረታሁ ማለት ነው እኮ፣ እትዬ አንጓች።»

«እኔስ ከከፈትኩ?»

ጭቃው ደርቆ ጠርዝ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል፤ በጥፍር ቢነካ ይነሳ ነበር። በአንድ ጥፍር! አንጓች እጇን ዘረጋች። ጓዴ ዓይኑን ጣለባት። እጇን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው። ጓዴም እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። እሱ እሷ እስክትሸነፍ፣ እሷ እሱ እስኪሸነፍ ሲጠባበቁ ዓይን ያዝ አደረገ፣ ተኮራርፈውም በየቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ቀፎው ዝም አለ።

በዘጠነኛው ቀን ዋናው ዳኛ ረጅም ሐተታ አንብበው «ክርክሩ የንብ ነው» ሲሉ ወሰኑ። መዝገቡ አያ ሰጥአርጌ እጅ ገባ፣ አፋቸውም ተከፈተ። ሁለቱን ባላጋራዎችና አስፈጻሚውን አስከትለው ግራሩ ሥር ደረሱ። አስፈጻሚው ማኅተሙን አየ፤ አልተነካም። ቀፎው ወርዶ ተከፈተ። ንቦቹ እንደተቆላ ኑግ ተዘርግፈው መሬቱን አጠቆሩት።

አያ ሰጥአርጌ ጥምጣማቸውን አወለቁ። መዝገብ ግን ከደረሰ መፍረድ ግድ ነውና፣ «ባለቤቷ ዓይኗን ሳትነቅል የተከተለችው ንብ የባለቤቷ ነው። ለአንጓች ተፈርዷል» አሉ። እውነተኛ ፍርድ ነው።

አሁን ምክሩን እዚሁ ላይ ላስቀምጠው፤ ከመጨረሻዋ ቃል በኋላ እኔ መናገር አይሆንልኝም። አዋቂ ሾሞ አፉን መለጎም አዋቂ ከማጣት ይብሳል። ፍርድ ትክክል ሆኖም ቢሆን ከቀብር በኋላ ከመጣ ለቅሶ መድረስ ነው እንጂ ዳኝነት አይባልም። ብታዩት በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሥራው የሰነፈ ሹም የለም፤ ሁሉም የታዘዘውን አደረገ፣ ነፍስ ያለው ነገር ግን በመሃል አለቀ። ደግሞ ሹሞቹን ብቻ እየወቀሳችሁ እንዳታልፉ! የአንጓች ጥፍር ነበረች። የጓዴም ነበረች። «እውነት ከኔ ጋር ናት» ብሎ እጅን መክተትም ከጭቃው እኩል ያፍናል። በወንድምና በእህት፣ በባልና በሚስት መካከል ሁለቱም ወገን በጆሮው እያዳመጠ የሚጠብቀው ስንት የታሸገ ቀፎ አለ? እናንተ ብትሆኑ ተረትታችሁ ትከፍቱት ነበር ወይስ አሸንፋችሁ ትቀብሩ ነበር? እስቲ አስቡበት። የሚሟገት ዘመድ ያለው ደግሞ ወስዶ ያንብብለት።

በሉ፣ ያቺ ያልኳችሁ መጣች። አንጓች ቁጢጥ ብላ ንቦቿን በእፍኟ ወደ ነጠላዋ ትሰበስባለች። አስፈጻሚው የርክክቡን ወረቀትና የጣት ማተሚያውን ቀለም ይዞ መጣ። ሰውየው ክፋት የለበትም፣ ሊያጽናናት ነው። አጠገቧ ጎንበስ አለና ማኅተሙን እያሳያት፣ ደረቱን ነፍቶ እንዲህ አላት፦

«አይዞሽ እማማ፣ አንዲትም አላመለጠችም፤ ተረከቢ።»