የአንጓች ፊርማ

ቀጨሞ ሜዳ ወርዳችሁ ሰው ፊት ወረቀት ብትዘረጉ፣ ከሽማግሌ እስከ ኮረዳ ያገኛችሁት ሁሉ አንዲት አባባል ይወረውርባችኋል። ለጨዋታ ማሳመሪያ አይምሰላችሁ። ለዚያች አባባል አንዲት ሴት መሬቷን ከፍላባታለች።

ስንዱ የምትባል የከተማ ልጅ በበጎ ፈቃድ ልታስተምር ቀጨሞ ሜዳ መጣች። ደመወዝ የላት፣ ዘመድ የላት፤ ያላት አንድ ካርቶን ጠመኔ ነው። ጠዋት ልጆቹን፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ አሥራ አራት ሴቶችን ታስተምራለች። ሴቶቹ እንዝርታቸውን ይዘው ይመጡና በልጆቹ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ይቀመጣሉ። ግማሾቹ ያንቀላፋሉ። አረም ሲነቅሉ እንዳረፈዱ ታውቃለችና ስንዱ አትቆጣም።

ከሁሉ የምትበረታው አንጓች ነበረች። ባሏ ሲሞት ሁለት ጥማድ መሬት ትቶላት በዚያች ነው የምትኖረው። አንጓች ወረቀት አታምንም። አውራ ጣቷን ቀለም ከማስነካቷ በፊት ሦስት ሰው ለየብቻ ታስነብባለች፤ መሪጌታ ልሳነወርቅን፣ ባለ ሱቁን፣ የጤና ኬላዋን ሠራተኛ። የሦስቱ ቃል አንድ ካልሆነ «ጣቴ የኔ ነው» ብላ ትሄዳለች። የባሏ ወንድም ደምለው ስንት ጊዜ ወረቀት ይዞ መጥቶ ስንት ጊዜ አፍሮ ተመልሷል።

ሰኔ ላይ ተቆጣጣሪ ሊመጣ ነው ተባለ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንቱ ስሙን ይጽፋል? ሴቶቹ ደግሞ ገና «መ» ላይ ናቸው። ስንዱ ጨነቃት። ፊደሉን ተወት አደረገችና የያንዳንዳቸውን ስም በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፋ፣ «ይህችን ብቻ አስመስሉ» አለቻቸው።

«ይህማ ጥልፍ ነው!» አለች አንጓች፣ ስሟን በእስኪርቢቶ እየተከተለች።

መሪጌታ በደጅ ሲያልፉ አዩ። «ልጄ፣ ሀሁ ሳያልቅ ስም ምን ይሠራላቸዋል?»

«ጊዜ የለኝም አባቴ። ማንበቡ በኋላ ይደርሳል።»

«በሬ ሳይጠምዱ እርፍ መጨበጥ» አሉና ሄዱ።

ተቆጣጣሪው መጣ። አሥራ አራቱም ጻፉ፣ እልልታው ቀለጠ። አንጓች አውራ ጣቷን ቀስራ፣ «አንተ ጣት፣ ከእንግዲህ ሥራህ ጥጥ መፍተል ብቻ ነው!» ስትል ተቆጣጣሪው ሳይቀር ሳቀ።

እሱ ወጥቶ መኪናው ውስጥ ሲገባ፣ በዚያ ግርግር ደምለው ወረቀት ይዞ ብቅ አለ።

«እሰይ እቴ አንጓች! በይ እስቲ ባዲሱ እጅሽ የማዳበሪያ መጠየቂያው ላይ ፈርሚልኝ።»

የአንጓች እጅ ቆመ። «መጀመሪያ መሪጌታ ይዩት።»

«ምነው? ተማረች ሲሉ ውሸት ኖሯል? መምህርትሽን በሰው ፊት ልታዋርጃት?»

አንጓች ወደ ስንዱ ዞረች። ስንዱ ተቆጣጣሪው የሚጠብቀውን ሪፖርት እየሞላች ነው፤ ውጭ የመኪናው ጥሩምባ ያጣድፋታል። ሆዷ ግን በኩራት ሞልቷል።

«ጻፊ እንጂ አንጓችዬ! አሁንማ ማን ይደርስብሻል?»

አንጓች ምላሷን በጥርሷ ይዛ አራቱንም ፊደል ጻፈች።

«አንቺም መምህርት፣ ምስክር ሁኚን» አለ ደምለው፣ ወረቀቱን እየገፋላት። ስንዱ ዓይኗን ከሪፖርቱ ሳትነቅል ስሟን ጫር አደረገችለት።

ደምለውን ብቻ የሚረግሙ አሉ፤ ይርገሙ። ሌባ ሌባ ነው። በሩን የከፈተለትስ?

ኅዳር ደረሰ። አንጓች ማጭዷን ይዛ ጤፏ ዘንድ ብትወርድ፣ ደምለው ከነደቦው ቀድሟታል። ግማሹን አጭዶ፣ መሬቷ መሃል አውድማ ያስለቀልቃል።

«አንተ! የማን መሬት ላይ ነው?»

«በገዛ እጅሽ የሰጠሽኝ ላይ!»

ጩኸቷን የሰማ ሁሉ መጣ፤ ስንዱም ጠመኔ የነካው እጇን ሳትጠርግ ሮጣ ደረሰች። መሪጌታ ወረቀቱን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት። ማዳበሪያ የሚል ቃል የለበትም። «መሬቴን ለባሌ ወንድም በስጦታ ሰጥቻለሁ» ይላል። ከሥሩ አንጓች። ከአንጓች ሥር ስንዱ፣ ምስክር። የቀበሌ ማኅተምም አርፎበታል።

«እኔ… አላነበብኩትም» አለች ስንዱ።

«ስሙልኝ! ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ መጥታ አላነበብኩም ትላለች!» ደምለው ብቻውን ሳቀ። ደቦው እንኳ ማጭዱን አውርዶ አንገቱን ደፍቷል።

አንጓች አላለቀሰችም። ስንዱ ፊት ቀረብ ብላ ቆመች።

«እኔስ ማንበብ አልችልም። አንቺስ?»

የአገሩ ሽማግሌዎች ገለል ብለው ተማክረው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ፤ ፊርማና ምስክር ያለውን፣ ማኅተም ያረፈበትን ምን ያድርጉት? አንጓች ማጭዷን እዚያው ጥላ ወደ እኅቷ አገር የሚወስደውን መንገድ ያዘች። በማግስቱ ስንዱ ክፍሏን ከፍታ ብትጠብቅ፣ እንዝርት ይዛ የመጣች አንዲት ሴት አልነበረችም።

ያን ዕለት ግን፣ አንጓች ከዓይን ስትርቅ፣ መሪጌታ ወረቀቱን አጥፈው ለደምለው መለሱለትና ፊታቸውን ወደ ስንዱ አዙረው እንዲህ አሉ፦ «ሳያነቡ ፊርማ፣ ለሰው አውድማ።»