አባቷን የካደች በቅሎና ጭቃ የጎረሰው ቁና

ሐሰት ብናገር ዕድሜዬ እንደ ጤዛ ይርገፍ! አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ድሮ፣ የገብስ ፍሬ የበግ ራስ ያህል በነበረበት ዘመን፣ በእንስሳቱ ሁሉ ጎተራ ላይ የሚያዝ፣ ገብሱንም በቁና የሚሰፍር አንድ ሰንጋ በሬ ነበረ። ከውፍረቱ የተነሣ ሲያዛጋ ደመና ይበተናል። አንድ ቀን፣ «ዘመን ከፍቷልና አንጀታችሁን እሰሩ!» አለ። ከዚያ ወዲህ ቁናው ሞልቶ ቢሰፈርም ሆድ አልሞላ አለ። በጎቹ ከሱ። ፍየሎቹ አጥር በሉ።

ይሄኔ አያ ጅቦ ከተፍ አለ። «ወገኖቼ! ገብሳችሁን የጨረሱት ድርቅ አባሯቸው ከቆላ የመጡት አህዮች ናቸው። ዛሬውኑ ጀምበር ሳትጠልቅ ወደ ሜዳው ላስወጣላችሁ። እኔ እንደሆንኩ ገብስ አልበላ፣ ምን ልሰርቃችሁ?»

«እውነቱን ነው!» አሉ በጎች።

ሰንጋውን ስትቃወም የኖረችው እመት በቅሎ ጭንቅ ያዛት። አህዮቹ ከወጡ ሜዳው ላይ የሚበላቸው ማን እንደሆነ ታውቃለች። ደግሞም፣ ማንም አይወቅባት እንጂ፣ አባቷ አህያ ነው። ብትቆም አይሆንላት፣ ብትተኛ አይሆንላት። ጉባኤው መሐል ገብታ፣ «እኔም አስወጣቸዋለሁ፤ ግን ቀስ ብዬ» አለች።

«ለማስወጣቱማ አያ ጅቦ አለልን» አለች አንዲት ፍየል።

በቅሎ ሁለተኛ ተነሣች። «እናንት ደንቆሮዎች፣ ይኼ እኮ ጅብ ነው!»

«መቼ በግ ነኝ አልኩ?» አለ ጅቡ። «ለመሆኑ እሜቴ፣ አባትሽ ማን ነው?»

«እናቴ ፈረስ ናት!»

ሳቁ ወንዙን ሽቅብ አስኬደው። ጀምበር አዘቀዘቀች። አህዮቹ ወደ በሩ ሲነዱ አንድ ሽማግሌ አህያ፣ «ልጄ፣ ለአንቺም እንዳይተርፍሽ ዞር በይ» አላት በሹክሹክታ።

በቅሎ ሦስተኛ ተነሣች። «አባቴ አህያ ነው። ይኸው አልኩት! አሁን ደግሞ ሞልቶ እየተሰፈረ ሆድ የማይሞላውን ቁና እንጠይቅ። አንተ ቁና፣ ሆድህ ውስጥ ምን አለ?»

ቁናው አቃሰተ። «ጭቃ! ሰንጋው ውስጤን በጭቃ ደፍኖት፣ ጥቂት ገብስ ስጎርስ ጢም ያልኩ እመስላለሁ። እስከ ዛሬ ማን ጠየቀኝ?»

በቅሎዋ ገልብጣ በእርግጫ ብትለው ጭቃው ዱብ! አለ፤ ተራራ የሚያህል ጭቃ። ፍየሏ ጭቃውን አየች፣ የአህዮቹን የገጠጠ ጎድን አየች፣ የሰንጋውን ቦርጭ አየች። «ኧረ ገብሳችንስ እዚህ ነው የገባው!»

እንስሳቱ ተግተልትለው ሰንጋውን ከጎተራው ደጅ ገፈተሩት። አህዮቹን ከበሩ መለሱ። ቁናውም ለአህያውም ለበጉም በሙሉ ሆዱ ሰፈረ፤ ለሰንጋው ብቻ ጭቃውን መልሰው ለጥፈው ሰፈሩለት። አያ ጅቦም አፍሮ አገር ጥሎ ሄደ።

ቁና ሲጎድል ዝም ያለ፣ ጅብ ሲመጣ ቢጮህ ሰሚ የለውም።

እንግዲህ ምያለሁና አንዲት ትንሽ ነገር ልመን፦ ጅቡ ሄደ ያልኩት የራሴ ጭማሪ ነው። አልሄደም። አጥሩ ሥር ተኝቶ፣ ቁናው ዳግመኛ የሚጎድልበትን ቀን ይጠብቃል።